የእህቴ ልጅ ኮፍያ

ባለፈው ግንቦት ነቀምት፣ እህቴ ቤት ሰንብቼ መጣሁ። ነቀምት ሳምንት ከርሞ ሳይወፍር የሚመለስ እንግዳ ካለ ወይ ታሟል ወይ ዘመድ የለውም። አንጮቴው በቅቤ ርሶ ይቀርባል፤ ስትበሉ "ምነው አልበላህም?"፣ ስታቆሙ "ምነው ጠላኸን?" ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሆድ አይደለም። ስለ አንገት ነው።

የደረስኩ ዕለት ማታ፣ ቡና ላይ፣ መንገድ ላይ የገጠመኝን አወራሁላቸው። ካዲስ አበባ ነቀምት ወደ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን አልፌ ባኮ ስደርስ ሻይ ልጠጣ መንገድ ዳር ቆምኩ። ጠጥቼ፣ ሞተር አስነሥቼ፣ ወደ አስፋልቱ ልገባ ስል አንዲት ሳህን ሙሉ ማንጎ የተሸከመች ልጅ፣ ከየት መጣች ሳልላት፣ ከመኪናዬ አፍንጫ ሥር ተገኘች። ፍሬን ረገጥኩ። ልጅቷ ደንግጣ ወደ ኋላ ስትል ሳህኑ ወደቀ፤ አስፋልቱ ማንጎ በማንጎ ሆነ። እግዜር ይመስገን፣ ከማንጎው በቀር የተጎዳ የለም። ገንዘቧንም ከፈልኩ።

"አይ የዛሬ ልጆች!" አልኩ ቡናዬን ፉት ብዬ። "መንገድ ሲያቋርጡ እንኳ ግራ ቀኛቸውን አያዩም።"

ቤተኛው ሁሉ "ተመስገን ነው" አለ። የእህቴ ልጅ ብቻ "ልጅቷ በየት በኩል ነበር የመጣችው፣ ኤሱማ?" ሲል ጠየቀኝ። ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው፤ እዚያ ቤት ከጋሼ የሚበልጥ እንጂ የማያንስ ማዕረግ ነው።

"በግራ መሰለኝ" አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ሌሊት ውሃ ሽንት ቀስቅሶኝ ወደ ግቢ ብወጣ ከሰርቪስ ቤቱ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ያውም የሚጮኽ፣ የሚያጓራ መኪና። በሩን ገፋ አድርጌ ባይ ልጁ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ መሪ ጨብጧል። የደፋው ኮፍያ ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ከሽቦው ጫፍ ሦስት የሽንብራ ፍሬ የሚያህሉ አምፖሎች አሉ። ጭንቅላቱን ወደ ግራ ሰበር፣ ወደ ቀኝ ሰበር ያደርጋል። እኔ አማተብኩ። ጧት ለእህቴ ቀስ ብዬ ብነግራት "ተወው፤ መኪና እየነዳ ነው" አለችኝ፣ ውሃ እየቀዳ ነው እንደማለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው በሁለት ዓይኑ ባንድ ጊዜ ወደ 200 ዲግሪ የሚጠጋ ዙሪያ ያያል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አንድ ስክሪን ግን መስኮት ነው። የመኪና ውድድር ጨዋታ ስትጫወቱ በዚያ መስኮት የምታዩት ፊት ለፊቱን ብቻ ነው። ችግሩ ኩርባ ላይ ይመጣል። ጎበዝ ነጂ ኩርባ ሲገባ የሚያየው የመኪናውን አፍንጫ አይደለም፤ አስቀድሞ የኩርባውን የውስጥ ጥግ፣ ከዚያ መውጫውን ነው። ያ ደግሞ ከመስኮቱ ውጭ ቀርቷል። በጎን ሊቀድም የተጠጋውም መኪና እንዲሁ።

ለዚህ ሲባል የተጫዋቹን ጭንቅላት የሚከታተል መሣሪያ ተሠራ። ስሙ የታወቀው ትራክ አይአር የሚባለው የአሜሪካ ሥሪት ሲሆን ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ነው። ነቀምት ላለ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ይሄ የሚታሰብ ስላልሆነ የእህቴ ልጅ የራሱን ሠራ። የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፉ ላይ የሰው ዓይን የማያየው፣ ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን የምትሰጥ አምፖል አለችው። ከሦስት ሪሞት ሦስት አምፖል ነቅሎ ኮፍያው ላይ ተከላቸው። "በዚህ ቤት ቴሌቪዥን የሚከፈተው በእግር ተሂዶ ነው" ትላለች እናቱ። ቀጥሎ የአንድ አሮጌ የኮምፒውተር ካሜራ ሆድ ከፍቶ፣ ኢንፍራሬዱን የምትከለክለውን ቁራጭ መስታወት አወጣ። በምትኩ ሌላውን ብርሃን ከልክሎ ኢንፍራሬዱን ብቻ የሚያሳልፍ ነገር ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚሆነው ምን መሰላችሁ? የድሮ ባለ ቀለም ፎቶ ኔጌቲቭ! መጀመሪያው ላይ ብርሃን አግኝቶት የጠቆረው ጫፍ። እህቴ ጋ በአደራ የተቀመጠውን የኔን የምረቃ ፎቶ ኔጌቲቭ ነው የቆረጠው። ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ "እርስዎን አልነካሁም፤ ጥቁሩን ብቻ ነው" አለኝ።

ካሜራው እንግዲህ ሦስት ነጥብ ብቻ ያያል። ኦፕንትራክ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም፣ ነጥቦቹ ሲቀራረቡና ሲራራቁ አይቶ ጭንቅላት ወዴት እንደዞረ ያሰላል። ዋናው ብልሃት ግን ማብዛቱ ላይ ነው። ጭንቅላታችሁን የምር 50 ዲግሪ ብታዞሩ ስክሪኑ ከዓይናችሁ ያመልጣል። ስለዚህ እናንተ 10 ዲግሪ ስታዞሩ፣ ጨዋታው ውስጥ 50 ይዞርላችኋል። በጥቂት አንገት ብዙ ዓለም ማለት ነው።

ልጁ ይሄን ፕሮግራም በፍላሽ ነው የያዘው። ከጥር እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ አውርዶ ማስቀመጥ ልማዱ ሆነ። መንገዱም በጸጥታው ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት ስለከረመ፣ እሱና እኩዮቹ "ከቤት እንዳትወጡ" እየተባሉ ነው ያደጉት። እሱ ታዲያ ማታ ማታ ጀርመን ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተውን፣ ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የኑርበርግሪንግ የውድድር መንገድ ኩርባ በኩርባ በቃሉ ያውቀዋል። እኔ ከጌዶ ባኮ ያለውን ሃያ ዓመት ተመላልሼበት በቃሌ አላውቀውም።

ይሄን ሁሉ በጥሞና ሰማሁና፣ እንደ ማንኛውም አጎት፣ መከርኩት። ዕድሜ በጨዋታ እንደማያልቅ፣ መጽሐፍ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ወዘተ። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝና "እሺ ኤሱማ። ግን አንድ ጊዜ ይሞክሩት" አለኝ።

ኮፍያውን ደፋሁ። ፕሮግራሙ ጭንቅላታችሁ በዞረበት የምትዞር የኦክቶፐስ ሥዕል አለችው፤ ቀልደኛ ናት። መንዳት ጀመርኩ። የመጀመሪያው የግራ ኩርባ ላይ ሣር ውስጥ ገባሁ። ሁለተኛው ላይም ሣር። ሦስተኛው ላይ ግንብ። ጨዋታ ደጉ፣ አንድ ቁልፍ ሲነካ መኪናው እንደ አዲስ ይቆማል።

"ወደ ግራ ይዩ እንጂ፣ ኤሱማ።"

"እያየሁ ነው!"

"ኮፍያው ተበላሸ መሰለኝ" አለና ወስዶ ራሱ ደፋው። ወደ ግራ ሲዞር ኦክቶፐሷ እንደ እስክስታ ወራጅ አብራው ዞረች። መልሶ ለኔ ደፋልኝ። ወደ ቀኝ ስዞር ዞር አለች። ወደ ግራ ስዞር ትንሽ ነቅነቅ ብላ ቀረች። እኔ ዞሬያለሁ ብዬ ልምል ነበር። ደግሜ ዞርኩ። ኦክቶፐሷ ፊት ለፊት እያየች ነው።

ልጁ ምንም አላለም። ኮፍያው ግን ደህና እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን። ሦስት ዓመት ሆኖኛል ጧት ጧት አንገቴን ከያዘኝ፤ "ትራስ ነው" እያልኩ ትራስ ስለውጥ ነው የከረምኩት።

"ቆይ እናብዛው" አለና ቁጥሮቹን ነካካ። በስምንት እጥፍ ይሁን በዘጠኝ፣ እሱ ነው የሚያውቀው። አሁን ብሞክር፣ ምን ልበላችሁ፣ አገጬን ሳነቃንቅ መንገዱ ሁሉ ተገለጠልኝ! ግራውን አየሁ፣ ቀኙን አየሁ፣ ከጎኔ የመጣውን መኪና አየሁ። የሃያ ዓመት አንገት መለሰልኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንደ ሕፃን ተጫወትኩ። መጽሐፍ የሚለውን ምክሬን ያስታወሰኝ ሰው አልነበረም።

ኮፍያውን ሳወልቅ ነው ባኮ የመጣብኝ። እዚያ ማን ያበዛልኛል? ከቆምኩበት ስነሣ ያየሁት ስፖኪዮውን ብቻ ነበር። የመኪናው ምሰሶ የሚጋርደውን የግራውን ጥግ ለማየት አንገትን ማዞር፣ ጎንበስ ቀና ማለት ያስፈልጋል። እኔ ዓይኔን ብቻ ወርወር አድርጌ አየሁ አልኩ።

ቡና ላይ ያላወራሁትም ነገር አለ። ፍሬን ከያዝኩ በኋላ በመስኮት አንገቴን ሳላወጣ "ዓይን የለሽም?" ብዬ ጮኼባታለሁ። ልጅቷ ማንጎዋን እየለቀመች፣ ሳትቆጣ፣ በኦሮምኛ "እኔማ አይቼዎት ነበር፤ ያዩኝ መስሎኝ ነው" አለች። "ከፈልኩ" ያልኳችሁም ከመኪና ሳልወርድ ብር በመስኮት ጥዬላት ነው የሄድኩት። በአስተማሪነቴ ዘመን ስለ ትረካ አንጻር ሳስተምር፣ "እኔ" እያለ የሚያወራችሁን ተራኪ ቶሎ አትመኑት እያልኩ ስንቱን ተማሪ አሰልችቻለሁ። ቡናው ላይ ተማሪዎቼ አለመኖራቸው በጀኝ።

ለልጁ እንዳለ ነገርኩት። "ገብቶኝ ነበር" አለኝ። "ወደ ግራ ሲጠሯችሁ በሙሉ ትከሻዎ ነው የሚዞሩት። እማዬም አይታለች።" እንግዲህ እኔ የማላውቀውን አንገቴን ቤቱ ሁሉ ያውቀው ኖሯል። እኔ ግን ይሄ ልጅ ዓመታት ሙሉ በዚያ ክፍል ምን ሲሠራ እንደኖረ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም፤ ሳላይ ነው የመከርኩት።

ስመለስ ቁልፉን ለሱ ሰጠሁት። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመቱ ነው። ጨዋታ ሹፌር አያደርግም፤ ፍሬን ሲይዝ ያንገላታል፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ መቀነስ ይረሳል፣ እኔም አርመዋለሁ። ባጃጅም ሲያልፍ፣ ከብትም ሲያቋርጥ፣ ገና ከሩቁ ግን ያ ጭንቅላት ሰበር ይላል። ካዲስ አበባ ሐኪም ጋ ሄጄ የአንገት አጥንቴ መበላቱን ነግሮኛል፤ እንቅስቃሴ አዞልኛል፤ እስኪሻልህ አትንዳ ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። ቀላል እሺ አይደለም፤ ለሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ቁልፍ ሲሰጥ ምን እንደሚሰማው የሰጠ ያውቀዋል።

ያን ዕለት ባኮ ስንደርስ "አቁምልኝ" አልኩት። ልጅቷን ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። መንገድ ዳር ሰባት ስምንት ልጆች ሳህን ሳህን ማንጎ ይዘው ቆመዋል። አንድ በአንድ አየኋቸው፤ በሙሉ ትከሻዬ እየዞርኩ።

የቷ እንደሆነች አላወቅኩም። ለካ ፊቷን አላየሁትም ነበር።