የአምባሰል ትንፋሽ

ወንድሜ በብድር የገዛው የጭነት መኪና ላይ፣ ከተርቦ ወደ ሞተር አየር የሚያደርሰውን ቱቦ በሚያብረቀርቅ ወፍራም ብረት በለወጠ ሰሞን፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ አብረን ተጓዝን። ዳገቱ ላይ መኪናው አፏጨ።

«ስማው፤ ጉልበት ነው!» አለኝ። መኪናው ግን ጥቁር ጭስ እየተፋ አዘገመ።

አንድ አዛውንት መካኒክ ቱቦውን አየር ሞልተው መገጣጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋው ተነፋ።

«ልጄ፣ ቱቦ አየር አይወልድም። ተርቦ የጨመቀውን ሳያፈስ ማድረስ ነው ሥራው።»

2000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሚባክን ትንፋሽ የለም። አምባሰል የቅኝትም ስም ነውና፣ የአገሩ እረኛ ይህን ያውቃል፤ የተሰነጠቀ ዋሽንት ትንፋሽ እንጂ ዜማ አይወጣውም።

ወንድሜ አሮጌውን ቱቦ መለሰ። ፉጨቱ ጠፋ፤ ዳገቱም አጠረ። እኔም ከዚያ ወዲህ ጽሑፌ ሲያፏጭብኝ፣ የት ጋ እንደሚያፈስ እፈልጋለሁ።