ምንም አላገኘሁም

በዶርማችን ኮምፒውተር ነክ ጣጣ ሲፈጠር የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ፍላሽ ቫይረስ ሲገባው፣ ዊንዶውስ አልነሳም ሲል፣ አንዱ አሳይመንቱን ሴቭ ሳያደርግ መብራት ሲሄድበት «ሶፍትዌርን ጥሩት» ይባላል። ሶፍትዌር ማለት እኔ ነኝ፤ በብሎኩ ውስጥ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሚማር ሌላ ልጅ አልነበረም። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አንድ ልጅ ካውንተር ስትራይክ ላይ ያጭበረብራል ተብሎ ሲከሰስ፣ ላፕቶፑን እንድፈትሽ እኔ መመረጤ ማንንም አልገረመም።

የሚያጭበረብረው ግን እኔ ነበርኩ።

እንጫወት የነበረው 1.6ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ በመሆኑ ያኔም አሮጌ ነበር፤ ግን የማይሸከመው ላፕቶፕ የለም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። አንድ ስዊች፣ ከአልጋ አልጋ የተዘረጋ ኬብል፣ አስር ልጅ፣ በቃ። የጨዋታው ባለቤት ቫልቭ አጭበርባሪ የሚይዝበት ቫክ የሚባል ሲስተም ከ2002 ጀምሮ አለው፤ በፍላሽ ተገልብጦ ዶርም ለዶርም የሚዞር ጨዋታ ላይ ግን ቫክ ምን ያደርጋል? የእኛ ጥበቃ የሰው ዓይን ብቻ ነበር።

የተከሰሰው ልጅ ከእኔ አልጋ በላይ ነው የሚተኛው። ሲቪል ይማር ነበር። «ጆሮ» እንለዋለን። ካውንተር ስትራይክ ላይ ስትሮጥ ኮቴህ ይሰማል፤ ቀስ ብለህ ስትራመድ አይሰማም። ይህን ሁሉም ያውቃል። እሱ ግን ሽቦው በፕላስተር በተጠቀለለ ኢርፎን፣ ሰውየው ብረት ላይ ይሁን አፈር ላይ፣ በሩን ይለፍ አይለፍ ይነግርሃል። «ሁለት ናቸው... አንዱ ቆመ» ይላል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። ከዚያ ጥግ ላይ ይጠብቃል። ከዚያ ያልከው ይሆናል።

እኔ ጨዋታውን እወደዋለሁ፤ እሱ ግን አይወደኝም። ሦስት ዓመት ተጫውቼ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበርኩ። ከመጨረሻው የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ የሚጫወተው በታችፓድ ነው።

ኮዱን የጻፍኩት «እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ብቻ» ነው። ይቺን ዓረፍተ ነገር የሙያዬ ሰዎች በደንብ ያውቋታል። 1.6 ምስሉን የሚስለው ኦፕን ጂኤል በሚባል ላይብረሪ በኩል ነው። ዊንዶውስ ያንን ፋይል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው የጨዋታውን የራሱን ፎልደር ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ስም ያለው የራስህን ፋይል እዚያ ካስቀመጥክ፣ ጨዋታው ትዕዛዙን ሁሉ ለአንተ ይሰጣል፤ አንተ ደግሞ ለትክክለኛው ታቀብላለህ። መሃል ቆመህ አንዲት ነገር ብቻ ትነካለህ፦ ሰው በሚሳልበት ሰዓት «ከፊቱ ግድግዳ አለ ወይ?» የሚለውን ምርመራ ታጠፋለህ። አለቀ። ሰውየው ከግድግዳው በላይ ይሳላል። ኮምፒውተርህ እኮ የዚያን ሰው ቦታ ድሮም ያውቀዋል፤ ሰርቨሩ ነግሮታል። አትንገረው የተባለውን እንዲነግርህ ማድረግ ነው ዋልሃክ ማለት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጀመሪያ ሲሠራልኝ አልጋዬ ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር በተማሪነቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ኮድ የለም። እዚያ ላይ ዘግቼው ብተኛ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ከኮዱ ይልቅ የሚከብደው ትወናው ነው። ግድግዳውን ማፍጠጥ የለብህም። የምታውቀውን ሰው እንዳላወቅክ ሆነህ አልፈህ መሞት አለብህ፣ አልፎ አልፎ። እኔ ደግሞ በአንዴ ጎበዝ ብሆን ማንም አያምንም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ዘየድኩ፤ መግደሉን ትቼ መናገር ጀመርኩ። ከጆሮ ጋር አንድ ቡድን ነበርን። «ሎንግ ላይ አንድ ያለ ይመስለኛል።» «ተነሉን ተጠንቀቅ፣ ዝም ብሎ ቆሞ ነው መሰለኝ።» እሱ ያምነኛል። ወደነገርኩት አቅጣጫ ዞሮ ይጠብቃል፣ ሰውየው ብቅ ሲል ይጥለዋል። ተኳሹ እሱ፣ ዓይኑ እኔ።

የዚያን ቀን ማታ በነፍስ ወከፍ ሃምሳ ብር አዋጥተን ነበር። አምስት መቶ ብር ያኔ ለተማሪ ቀልድ አይደለም። ደስት ቱ ላይ እየመራን ሳለ ከወዲያኛው ቡድን አንዱ ኢርፎኑን ነቅሎ ተነሳ። «እኔ እኮ አልተንቀሳቀስኩም!» አለ። እውነቱን ነው። አንድ ኮቴ ሳያሰማ በር ጀርባ ቆሞ፣ ጆሮ በሩን አሳልፎ ነው የመታው። «ይሄ ጆሮ አይደለም። ይሄ ሌላ ነገር ነው።»

ጆሮ መጀመሪያ ሳቀ። ሌሎቹ እንዳልሳቁ ሲያይ ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋው። «ሶፍትዌር ይፈትሸው» አለ።

ፈተሽኩ። አስር ደቂቃ ያህል። የእኔ ላፕቶፕ ፋይሉ ውስጡ እንደተቀመጠ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር። የጨዋታውን ፎልደር ከፈትኩ፣ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች አየሁ፣ ቀኖቹን አመሳከርኩ። ሁለት የአውቶካድ ፕሮጀክት፣ አንድ ፎልደር ሙሉ የቱርክ ድራማ፣ ሌላ ምንም። ቀና ስል ሁሉም እያየኝ ነው።

«ምንም አላገኘሁም» አልኩ።

«የለም ነው ወይስ አላገኘህም?» አለ የከሰሰው ልጅ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። «የለም፣ ንጹህ ነው» ማለት ይቻል ነበር። እንደዚያ ብል ግን ቀጥሎ የማን ላፕቶፕ ይፈተሻል? ትከሻዬን ነቀነቅኩና «አንዳንዶቹ ራሳቸውን ይደብቃሉ» አልኩ። ቃል በቃል ከታየ ውሸት የለበትም። በቴክኒክም ትክክል ነው።

ብሩ ለሁሉም ተመለሰ። ማንም ሰው ማንንም አላባረረም። ዝም ብሎ በሚቀጥለው ቅዳሜ ኬብል ሲዘረጋ ጆሮን የጠራው የለም። ስሙ አብሮት ቀረ፤ ድሮ ሙገሳ የነበረው ካፌ ሰልፍ ላይ መሳቂያ ሆነ። «ጆሮ፣ ዛሬ ወጥ ምንድነው? አልሰማህም?» እሱም ከአልጋው ላይ ሆኖ ድራማውን ማየት ጀመረ። ፋይሉን በዚያው ሳምንት አጠፋሁት፤ እንደ ጀግንነት አይቆጠርልኝ፣ ፈርቼ ነው።

በኋላ ሥራ ይዤ ስለዚህ ነገር ማንበብ አበዛሁ። ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአዲሱ ካውንተር ስትራይክ ኦቨርዋች የሚባል ነገር ጀምሮ ነበር፦ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የተጠርጣሪውን ቅጂ ያዩና ይፈርዳሉ። የተጠርጣሪው ስም አይታያቸውም። ምርጫቸው ሁለት ነው፤ ወይ «ከጥርጣሬ በላይ ተረጋግጧል» ወይ «በቂ ማስረጃ የለም»። «ንጹህ ነው» የሚል በተን አልነበረውም። ልዩነቱ፣ እዚያ ማስረጃ ካልተገኘ ሰውየው ተጠርጥሮ እንደነበር እንኳ ጓደኞቹ አያውቁም። ዶርም ውስጥ ግን ስምህም መልክህም አልጋህም ይታወቃል።

ከዚያች ምሽት ስድስት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 2011 ላይ፣ ፎርሴክን በሚል ስም የሚጫወት ህንዳዊ ፕሮፌሽናል ሻንግሃይ ውድድር መሃል ተያዘ። ማጭበርበሪያውን ፋይል «ወርድ» ብሎ ነበር የሰየመው፣ የጽሑፍ ፕሮግራሙን አስመስሎ። ቪዲዮው ዶርማችን ድረስ መጣ። ዳኛው ኮምፒውተሩን ሲፈትሽ ልጁ ሊከለክለው እጁን ይሰዳል። በሳቅ ሞትን። ከሁሉ የጮኸው የእኔ ሳቅ ነበር። ልጁ አምስት ዓመት ታገደ፤ ሌሎቹ አራቱ ምንም ሳያደርጉ ቡድናቸው ፈረሰ። ጆሮ ከላይ አልጋ ሆኖ «አራቱስ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

አሁን ነገሩ ትልቅ ንግድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 የቻይና ፖሊስ የያዘው አንድ ቡድን ማጭበርበሪያ በቀንና በወር ያከራይ ነበር፤ የተወረሰበት ንብረት 46 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል። መከላከያውም በዚያው ልክ ጠልቋል፤ የቫሎራንቱ ቫንጋርድ ኮምፒውተርህ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ከርነል ውስጥ ይቀመጣል። እኔ የምወድለት ግን ሌላውን ሥራቸውን ነው፦ ተቃራኒህ ሊታይህ እስኪቃረብ ድረስ ሰርቨራቸው ቦታውን ለኮምፒውተርህ አይነግረውም። ያልተነገረውን ማን ያወጣዋል? ችግሩ ፒንግ ነው። ሰርቨሩ ሩቅ ለሆነበት ሰው ወሬው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጠላት ከምንም ተነስቶ ፊትህ ይቆማል። አዲስ አበባ ሆኖ የሚጫወት ያውቃታል። አንዳንዴ ደግሞ ሰርቨሩ መዘግየትህን ሊያካክስልህ ሲል፣ ሌላው ግድግዳ ጀርባ ከገባ በኋላ ትመታዋለህ። ያኔ በማይክ የምትሰማው አንድ ቃል ነው፦ አጭበርባሪ። እኔም ተብያለሁ። አፌን ሞልቼ መከራከር አቅቶኝ ያውቃል።

ጆሮ አሁን ዱባይ ነው፣ በሙያው። አንዳንድ ዓርብ ማታ ካውንተር ስትራይክ 2 እንጫወታለን። እሱ ሰርቨሩ አጠገብ፣ እኔ መቶ ሠላሳ ፒንግ ላይ። ደህና ኢርፎን ገዝቷል። አሁንም «ሁለት ናቸው፣ አንዱ ቆመ» ይላል።

ባለፈው ወር ሁለታችንም ሞተን ሌሎቹን እያየን ሳለ ነገርኩት። ፋይሉን፣ «ያለ ይመስለኛል» ያልኩትን ሁሉ። ረጅም ሰዓት ዝም አለ። ኮኔክሽኑ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁ።

«አለሁ» አለ። «ስትጫወት እንደምታጭበረብርማ ጠርጥሬ ነበር። ሦስት ዓመት ምንም ያላየ ሰው በአንዴ ማየት ሲጀምር...» ትንሽ ሳቀ። ከዚያ «ላፕቶፔን ስትከፍት ግን ምን አየህ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልክ?»

መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ራውንዱ ጀመረ። «ኮቴ አለ፣ ቆይ» አለኝ። ቆየሁ።