የግመል ዱቤ

ማክሰኞ ወልዲያ ገበያ ላይ ግመልን የማያማ የለም። ቂመኛ ነው ይሉታል፤ አፉ ይሸታል ይሉታል፤ ውሃውን ሻኛው ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረውም ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አልከራከርም። ሦስተኛው ግን ስም ማጥፋት ነው፤ ሻኛው ውስጥ ያለው ጮማ ነው።

የግመልን የውሃ ጉዳይ በወጉ የመረመረው ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረው ክኑት ሽሚት-ኒልሰን ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከባለቤቱ ከቦዲል ጋር አልጄሪያ ወርዶ፣ ሰሃራ ውስጥ ቤኒ አቤስ የምትባል ቦታ ግመልና ቴርሞሜትር ይዞ ከረመ። ቴርሞሜትሩ በየት በኩል እንደሚገባ ለጨዋ አንባቢ አልናገርም። ውሃ እንደ ልቡ የሚጠጣ ግመል በቀንና በሌሊት ሙቀቱ መካከል ያለው ልዩነት 2 ዲግሪ ያህል ነው። የተጠማው ግን ንጋት ላይ ወደ 34 ይወርድና አመሻሽ ላይ 40ን ያልፋል። እኔ 39 ስገባ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ዳማከሴ ይጨመቃል፤ እሱ 40 ላይ ሆኖ ያመሰኳል።

ነገሩ ዱቤ ነው። ማላብ ለፀሐይ እጅ በእጅ መክፈል ነው፤ ግመል ግን ሙቀቱን ቀን ሙሉ በዱቤ ይወስድና ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ጠብታ ውሃ ሳያወጣ ይመልሳል። 500 ኪሎ የሚመዝን ግመል 6 ዲግሪ ሲግል፣ በላብ ሊወጣ የነበረ 5 ሊትር ያህል ውሃ ይተርፈዋል። ከመርሳ ቁልቁል ወደ አፋር ለሚወርድ ሰው 5 ሊትር ምን እንደሆነ አይነገረውም። ሰውነቱ በጋለ ቁጥር ደግሞ ከአየሩ ጋር ያለው ልዩነት ስለሚጠብ የሚገባበት ሙቀት ያንሳል። ጸጉሩም ለጌጥ አይደለም፤ ቢሸልቱት የውሃ ወጪው በግማሽ ያህል ጨመረ።

ሀብሩ ቆላ ላይ ቀረብ ብሎ ያየው ሰው ሌላም ተንኮል ያገኝበታል። ሲንበረከክ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞራል፤ ሰፊ ጎኑን አይሰጣትም። ደረቱ ሥር ያለው ደንዳና ቆዳ ሆዱን ከጋለው መሬት ከፍ አድርጎ ይይዝለታል፤ በዚያ በኩል ንፋስ ሾልኮ ያልፋል።

ወደ ሙቀቱ እንመለስና፣ የእኛም ሙቀት ይወጣል ይወርዳል፤ ሌሊት 11 ሰዓት ግድም ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ግድም ከፍ ይላል። ልዩነቱ ግን ቢበዛ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን መውጣት መውረድ የሚመራውን ውስጣዊ ሰዓት ለአብዛኛው እንስሳ የሚሞላለት ብርሃን ነው። ሞሮኮ ውስጥ ኻሊድ ኤል አላሊና ባልደረቦቹ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ግን ግመል ሰዓቱን በአየሩ ሙቀትና ቅዝቃዜም እንደሚያስተካክል አሳዩ፤ ብርሃኑ ሳይለዋወጥ የሙቀቱን ሰዓት ቢያዛውሩበት ሰውነቱ ተከተለ።

ዘሩን ብትቆጥሩ ደግሞ የበረሃ ልጅ አይደለም። የግመል ወገን የበቀለው ሰሜን አሜሪካ ነው። ካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ ኤልስሚር ደሴት ላይ 3.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የግዙፍ ግመል እግር አጥንት ስብርባሪ ተገኝቷል። ያን ጊዜ አገሩ ደን ነበር፤ ክረምቱ በረዶና የወራት ጨለማ። ሻኛውና ሰፊው ኮቴው መጀመሪያ የጠቀሙት እዚያ ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

ይህን መርሳ ላይ ግመል ጭነው ለመጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ አወራኋቸው። እስክጨርስ ታገሡኝ።

«እሺ ልጄ፣ በረዶ ለምዶ ከሆነ የመጣው፣ ክረምት ወልዲያ ስወስደው ለምንድን ነው የሚያስነጥሰው?»