የቀኝ እጅ ቅልጥፍና

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እጅህ ፈጥኖ የሠራውን ሁሉ ልብህ የተረዳው አይምሰልህ።

ኤድዋርዶ ቺሊዳ በ1924 (እ.ኤ.አ.) በእስፓኝ አገር፣ በሳን ሴባስትያን ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የእግር ኳስ በረኛ ነበረ፤ ጉልበቱ በተጎዳ ጊዜ ግን ጨዋታውን ተወ። ኋላ ሥዕል ሲማር ቀኝ እጁ ያለ ድካም እንደሚሥልለት አየ፤ በዚህም አልተደሰተም። እጁ ከአሳቡ እንዳይቀድም ብሎ በግራው መሣል ጀመረ።

ከዚያም ብረት እያጋለ እየቀጠቀጠ፣ ባዶ ስፍራ ምን እንደ ሆነ ሲመረምር ኖረ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገርም ስለ ጥበብና ስለ ስፍራ የጻፈውን በ1969 ከቺሊዳ ሥዕሎች ጋር አሳተመ። በከተማው ባሕር ዳር፣ በአለት ላይ የተተከሉት ሦስት የብረት ሥራዎቹ «የነፋስ ሚዶ» ይባላሉ። እያንዳንዱ 10 ቶን ያህል ይመዝናል። ሰውም እንስሳም አይመስሉም፤ ነፋስ በጣቶቻቸው መካከል ያልፋል፤ ያም ባዶ ስፍራ የሥራው ክፍል ነው።

ከመልስ በፊት ያለ ዝምታም እንዲሁ ነው። በመምህርነት ዘመኔ መልሱን ቀድሞ የሚጮኸው ተማሪ ይመሰገን ነበር፤ «ስለ ምን?» ብዬ ስጠይቅ ግን ምክንያቱን የሚነግረኝ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ እጁን ያነሣው ነበር።

ስለዚህ ልጄ ሆይ፣ ነገር እጅግ ሲቀልህ ቆም በል፤ ያወቀው እጅህ ነው ወይስ ልብህ?