በሌሉበት

ሄግልን የተቹ ፈረንሳውያን ብዙ ናቸው። የሚበዙት የሚሟገቱት ከዲያሌክቲክሱ፣ ማለትም ተቃርኖን ሁሉ በመጨረሻ ከሚያስታርቀው ስልቱ ጋር ነው። ደጋግሜ የምመለስበት ኢማኑኤል ሌቪናስ ግን ሙግቱን የሚጀምረው ከሙታን ወገን ሆኖ ነው።

ሄግል ታሪክን እንደ ችሎት ያየዋል፤ ሕዝቦችና መንግሥታት በፊቱ ቀርበው ብይናቸውን ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ1806 ናፖሊዮን በየና ከተማ በፈረስ ሲያልፍ ባየ ጊዜ፣ የዓለም መንፈስ ራሱ በኮርቻ ላይ የተቀመጠ መስሎት ነበር። ከኮቴው ሥር የወደቁትስ? ሄግል አልካዳቸውም። ታሪክ የሕዝቦች ደስታ የሚታረድበት ቄራ መሆኑን ጽፏል። ነገር ግን ደሙ በከንቱ አልፈሰሰም፣ ነፃነት የሚገለጠው በዚህ መንገድ ነው ይለናል። (አፍሪካን ከዚህ ታሪክ ደጃፍ ውጭ እንደተዋት የእኛ አንባቢ አይዘነጋውም።)

የሌቪናስ መልስ እንዲህ ነው፦ በዚያ ችሎት ሰው የሚፈረድበት በሌለበት ነው። እርሱ ሞቷል፤ የቀረው ሥራው ብቻ ነው፤ ሥራውንም በሕይወት የተረፉት እንደፈቀዱ ይተረጉሙታል። «የለም፣ እኔ እንዲህ አላልኩም» ብሎ የሚነሣ አንደበት የለም። በ1961 የታተመው «ጠቅላላነትና ወሰን የለሽነት» የተሰኘው መጽሐፉ ከየትኛውም ሥርዓት አምልጦ የሚቀር አንድ ነገር ያሳያል፤ እርሱም የሰው ፊት ነው። እኛ «የሰው ፊት እሳት ነው» ስንል የምናስበው የሚለምነውን ነው። በሌቪናስ ዘንድ ግን የሚቃጠለው ተለማኙ ነው።

ይህን የጻፈው ሰው በሊቱዌኒያ ተወልዶ ፈረንሳዊ ዜጋ የሆነ አይሁዳዊ ነበር። በ1940 በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ሳለ ተማርኮ በጀርመን የምርኮኞች ሰፈር እንጨት ሲቆርጥ ኖረ። የለበሰው የወታደር ልብስ እርሱን አተረፈው። ወላጆቹና ወንድሞቹ ግን በሊቱዌኒያ ተገደሉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዣክ ደሪዳ በ1964 ባወጣው ረጅም ጽሑፍ፣ ሌቪናስ ሄግልን አጥብቆ በሚቃወምበት ስፍራ ሁሉ ይበልጥ ወደ ሄግል ይጠጋል ሲል ተቸው፤ ከፍልስፍና ቋንቋ ለመውጣት የሚናገረው በዚያው ቋንቋ ነውና። በሎጂኩ ደሪዳ የረታ ይመስለኛል። ፊትን በጽንሰ ሐሳብ ሳይገልጹ ስለ ፊት መጽሐፍ መጻፍ አይቻልም።

በ1974 የወጣው የሌቪናስ ሁለተኛ ታላቅ መጽሐፍ ለዚህ ትችት እንደ ምላሽ ይነበባል። እጅግ ከባድ መጽሐፍ ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹ በገዛ ክብደታቸው ይሰባበራሉ። እኔ ግን ምላሹን የማገኘው ገና ከመታሰቢያው ገጽ ላይ ነው። በፈረንሳይኛ በናዚዎች የተገደሉትን ስድስት ሚሊዮን አይሁድና ከየሃይማኖቱ፣ ከየሕዝቡ ያለቁትን ሚሊዮኖች ያስባል። ከዚያ በታች፣ በዕብራይስጥ ፊደል፣ አባቱን፣ እናቱን፣ ሁለት ወንድሞቹን፣ የሚስቱን አባትና እናት በየስማቸው ይጠራል፤ እያንዳንዳቸውን ከነአባታቸው ስም።