ማግኔት ይዘው ወደ ወላይታ

ወደ ወላይታ ሶዶ ለመሄድ ሲሰናዱ ሻንጣዎ ውስጥ ምን ይከታሉ? ጃኬት፣ የልጆች መክሰስ፣ የስልክ ቻርጀር። እኔ አንድ ነገር ልጨምርልዎ፤ ማግኔት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ካለዎት በጣም ጥሩ ነው፤ ከሌለዎት ፍሪጅ ላይ ከሚለጠፉት ጠንከር ያለውን ነቅለው ይያዙ።

ይህን ምክር የምሰጥዎ ልጄ ባቀረበችልኝ ጥያቄ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ሶዶ የሄድነው ዝናብ ባባራ ማግስት ነበር። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ለጉዞው ብላ አዲስ ነጭ ስኒከሯን አድርጋለች። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ጫማው የሸክላ መልክ ያዘ። ማታ በሳሙና ብናሸው ብናሸው ቅላቱ አልለቅ አለ። ያረፍንበት ሆቴል ጥበቃ አይተው፣ “የኔ ልጅ፣ ነጭ ጫማ ለዚህ አገር አይሆንም” ብለው ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። “ማሚ፣ አፈሩ ለምንድነው ቀይ የሆነው?” አለችኝ።

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ለጥያቄ ቶሎ መልስ መስጠት ልማዴ ነው። ለዚህኛው ግን መልስ አልነበረኝም። ወደ ቤት ተመልሰን ሳነብና ስጠይቅ ያገኘሁት ታሪክ በዓመቱ እንደገና ሶዶ ወሰደን። በዚያ ጊዜ ጫማው ቡናማ ነበር፤ ማግኔትም ይዘናል።

ከመንገድ ዳር ቦይ ይጀምሩ

ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ከመጡ ሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ መንገድ ነው። ከተማዋ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከየትኛውም ሰፈር ቀና ካሉ የሚያዩት ዳሞታ ተራራ ነው፤ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል።

ዝናብ ካባራ በኋላ መኪና የማይበዛበት የሰፈር መንገድ ይምረጡና የውኃ መውረጃ ቦዩን ይመልከቱ። ቀዩ ጭቃ ታጥቦ በሄደበት ቦታ ጥቁር፣ ደቃቅና የሚያብረቀርቅ አሸዋ በቀጭኑ ተዘርግቶ ያገኛሉ። አሸዋው ሲደርቅ ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልለው ልጆችዎ ቀስ ብለው ያስጠጉት። ጥቁሮቹ ቅንጣቶች ብድግ ብለው እንደ ፀጉር ይቆማሉ። ፌስታሉን ከማግኔቱ ሲያላቅቁት ደግሞ በሙሉ ይረግፋሉ። የኔዋ ይህን አሥር ጊዜ ሳትደጋግም አልተነሳችም።

ይህ ጨዋታ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1791 ዊሊያም ግሬጎር የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በኮርንዎል አካባቢ ከአንድ ወንዝ ዳር ጥቁር አሸዋ አነሳ። አሸዋው በማግኔት ይሳባል፤ ስለዚህ ብረት እንዳለበት ግልጽ ነበር። በአሲድ እየፈታ ሲመረምረው ግን ከብረቱ ሌላ በጊዜው ማንም የማያውቀው ነገር በውስጡ አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ኬሚስት ማርቲን ክላፕሮት ለዚህ ነገር ስም አወጣለት፤ በግሪክ አፈ ታሪክ የምድር ልጆች በሚባሉት በታይታኖች ስም “ታይታኒየም” አለው።

ስሙ ጥሩ ገጥሟል። ታይታኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛቱ ዘጠነኛው ንጥረ ነገር ነው። እንዲህ ባለው የእሳተ ገሞራ አሸዋ ውስጥ ከብረት ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ማግኔቱን ዘለው የሚይዙት ቅንጣቶች ማግኔታይት ይባላሉ፤ ብዙ ጊዜ ታይታኒየም ቀላቅለዋል። እምብዛም የማይሳቡት ጥቁሮች መካከል ደግሞ ኢልመናይት የሚባለው የብረትና የታይታኒየም ማዕድን ይገኛል።

ተራራው ሲበሰብስ

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ እንመለስ። ወላይታ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ትከሻ ላይ ያለ አገር ነው። ዳሞታም ዛሬ አርሶ አደር የሚያርሰው፣ ልጆች ከብት የሚያግዱበት ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ እሳት የተፋ ተራራ ነው። በጎኑ ላይ ያለው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ሰዎች ከ40 ሺህ ዓመታት በፊት ተጠልለውበት የነበረ ቦታ ነው፤ አርኪዮሎጂስቶች በባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎቻቸውን ከአፈሩ አውጥተዋል። ባልጩቱም ራሱ ፈጥኖ የቀዘቀዘ ቅልጥ ዓለት ነው።

ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሙቀትና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይበሰብሳል። ውኃ በመጀመሪያ የሚሟሙትን ይወስዳል፤ ሶዲየሙን፣ ካልሲየሙን፣ ማግኒዥየሙን፣ ቀስ እያለም ሲሊካውን። ለመሄድ እምቢ የሚሉት ብረት፣ አሉሚኒየምና ታይታኒየም ናቸው። ብረቱ ከአየርና ከውኃ ጋር ተገናኝቶ ይዝጋል፤ ቀይ ቀለሙ ከዚያ ይመጣል። በልጄ ጫማ ላይ የቀረው ነገር እንግዲህ የተራራ ዝገት ነው።

ታይታኒየሙ ሌላ መንገድ ይይዛል። ድንጋዩ ሲፈርስ ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ማዕድን ይሆናል። እንዲህ ክፉኛ በበሰበሰ ቀይ አፈር ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው መልክ አናቴዝ የሚባለውን ነው። ያ ማዕድን ተጣርቶ ቢወጣና ቢደቅ ደግሞ ቀለሙ ነጭ ነው።

ከአንድ ሊጥ የወጡ ሦስት

ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም አንድ ታይታኒየምና ሁለት ኦክስጅን፣ በተፈጥሮ በዋናነት በሦስት መልክ ይገኛል፤ ሩታይል፣ አናቴዝና ብሩካይት። ከአንድ ሊጥ እንጀራም አነባበሮም እንደሚወጣ ያስቡት። የተሠሩበት ነገር አንድ ሆኖ፣ አቶሞቹ የተደረደሩበት መንገድ ግን ይለያያል።

ሩታይል የሦስቱ ታላቅ ነው። በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ውስጥ ይፈጠራል፤ ከሁሉም ይጸናል፤ በብዛትም እሱ ይበልጣል። አናቴዝ ዝቅ ያለ ሙቀት ይበቃዋል፤ አፈር ውስጥ የምናገኘውም ለዚህ ነው። ብርቁ ብሩካይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 ተለይቶ ሲታወቅ በእንግሊዛዊው የማዕድን አጥኚ በሄንሪ ጄምስ ብሩክ ስም ተጠራ። ዝነኛ ናሙናዎቹ ከዌልስ ተራሮችና ከአልፕስ የድንጋይ ስንጥቆች የተገኙ ናቸው።

ብሩካይት ብርቅ የሆነው ለመፈጠር ብዙ ነገር ስለሚመርጥ ነው። ሙቅ ውኃ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ ከዓለቱ ጥቂት ታይታኒየም አሟሙቶ ይወስዳል። ሁኔታው ሲመቸው በስንጥቁ ግድግዳ ላይ ቀስ እያለ ያስቀምጠዋል። የሚወጣው ስስ፣ ከቀይ ቡናማ እስከ ጥቁር የሚደርስና እንደ አልማዝ የሚያንጸባርቅ ክሪስታል ነው። ጥንካሬው ከመስታወት ጋር ይቀራረባል፤ ክብደቱ በእኩል መጠን ካለ ውኃ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ750 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ቢያሞቁት ግን አይጸናም። የውጭ ቅርጹን እንደያዘ ውስጡ ወደ ሩታይል ይለወጣል። ስለዚህ በዳሞታ ሥር ብሩካይት ፍለጋ አይድከሙ። እዚህ ያለው ተራው ወንድሙ ነው፤ የወላይታን ታሪክ የሚነግረንም እሱ ነው።

ቤትዎ ውስጥም አለ

የሳሎንዎ ነጭ ግድግዳ፣ የልጅዎ የጥርስ ሳሙና፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬምዎ ብዙውን ጊዜ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አለባቸው። ይህ ዱቄት የሚሠራው በአብዛኛው ከኢልመናይትና ከሩታይል ነው። በአገራችንም በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አካባቢ፣ ቢቂላል በሚባለው ቦታ፣ ከብረት ማዕድን ጋር ኢልመናይት መኖሩ ይታወቃል።

ነጭነቱ የሚመጣው ብርሃንን ከአልማዝ እንኳ አብልጦ ስለሚያጥፍና ስለሚበትን ነው። ለዚህ ነው ስስ ቀለም ጥቁር ግድግዳ የሚሸፍነው። እናቶችና አባቶች አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ዱቄት በምግብ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። ከውጭ በሚገቡ ከረሜላዎችና ማስቲካዎች መለያ ላይ “ኢ 171” የሚል ካዩ ይኸው ነው።

እኔ በሥራዬ “ነጭ” የሚለውን ቃል ብዙ ሸጬዋለሁ። ንጹሕ ማለት ነጭ፣ ቆሻሻ ማለት አፈር እንደሆነ አድርገን ነው የምንጽፈው። ነጩ ከአፈር እንደሚወጣ ያስተማረችኝ የልጄ ጫማ ናት።

አባያ የቀላው በምንድነው?

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ሁምቦን ካለፉ በኋላ በስተግራዎ አባያ ሐይቅ ብቅ ይላል። ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአገራችን ከጣና ቀጥሎ ሁለተኛው። ቀለሙ ግን ሰማያዊ አይደለም፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። አርባ ምንጭ ደርሰው ከኮረብታው ላይ ሲመለከቱ፣ ከ“እግዜር ድልድይ” ወዲያ ያለው ጫሞ በቀለም የተለየ መሆኑን ያያሉ።

አባያን የሚያቀላው አፈር ነው። ብላቴና ሌሎች ወንዞች ከወላይታና ከአካባቢው ደጋዎች ደለል ተሸክመው ይገቡበታል። ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ ነፋስ በቀላሉ ያማስለዋል፤ ደቃቁ ሸክላ አፈርም ወደ ታች አይረጋም። ልጄ ከመኪናው መስኮት ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ “ጫማዬ ላይ ያለው ነው?” አለች። አዎ፣ እሱው ነው።

አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር እስኪፈጠር መቶ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ለመሄድ ግን አንድ ኃይለኛ ዝናብ፣ አንድ የተራቆተ ተዳፋት ይበቃዋል። ሐምሌ 2016 በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን አጥተናል። ዝናብ የጠጣ ተዳፋት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚያ ወዲህ ሁላችንም እናውቃለን።

ጥቁር የሆነው ጓሮ

የወላይታ ገበሬ ይህን ያውቃል። ወደ አንድ ግቢ ከተጋበዙ ከቤቱ አጠገብ ያለውን የእንሰት ጓሮ ይመልከቱ፤ ዳርኩዋ ይሉታል። አፈሩ ቀይ ሳይሆን ጠቆር ያለ ነው። የከብቱ እበት፣ አመዱ፣ የቤቱ ጥራጊ ከትውልድ ትውልድ የገባው እዚያ ነው። ራቅ ያለው ማሳ ግን ቀይ ነው። ቀይ አፈር ውስጥ ያለው ብረት ሰብሉ የሚፈልገውን ፎስፈረስ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ካልተንከባከቡት ምርቱ ይቀንሳል።

ሁምቦ ላይ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ተራቁተው የነበሩ ኮረብታዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ፣ በአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበራትና በወርልድ ቪዥን ትብብር፣ ከ2,700 ሄክታር በላይ መልሰው ለብሰዋል። ብዙው የተሠራው ችግኝ በመትከል አይደለም። ሥራቸው መሬት ውስጥ በሕይወት የቀረ ጉቶዎችን ከመጥረቢያና ከከብት በመጠበቅ፣ ቡቃያቸውን በመግረዝ ነው። የዓለም ባንክም ዛፎቹ ለሚይዙት ካርቦን ክፍያ ፈጽሟል።

በአካባቢው ያገኘናቸው አንድ አባት ልጄን ስለ ማግኔቱ ጠየቋት። አሳየቻቸው። ጥቁሩን አሸዋ በመዳፋቸው አገላብጠው አዩና፣ “እኛ አፈሩ ሲሄድ ነው የምናውቀው፤ ይህ ከታች ሲቀር” አሉ። ቀጥለውም፣ “አፈር ሲሄድ ልጅም ይሄዳል” አሉኝ።

ለጉዞዎ

በመስከረም ከሄዱ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታን ይደርሱበታል። ቁርጥ ሲያዙ ዳጣውን አይርሱ፤ ለልጆች ግን ያቃጥላል። ጨለም ያለ ጫማ ያድርጉ። አሸዋውን ከመንገድ ዳር ቦይ እንጂ ከሰው ማሳ አያንሱ። ሁምቦ ላይ የለበሱትን ኮረብታዎች በአካባቢው ሰው መሪነት ይጎብኙ።

አዲስ አበባ ተመልሰው ጫማዎን ለማስጠረግ ሲቀመጡ ደግሞ ሊስትሮውን አገሩን ይጠይቁት። ከወላይታ ነኝ ካለዎት ጫማዎ ላይ ያለውን አቧራ ያውቀዋል። እኛ ስንጠይቅ አንዱ ቀና ብሎ ልጄን አያትና፣ “ይሄማ የኛ አፈር ነው” አላት። ልጄም ከኪሷ ጥቁር አሸዋ የቋጠረችበትን ፌስታል አውጥታ አሳየችው።