የባሕር ሐሳብ

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1898 ዓመት፥ ቫስኮ ዳ ጋማ ወደ ህንድ የሄደበት 400ኛ ዓመት ሲከበር፥ የፖርቱጋል መንግሥት ስምንት ዓይነት የፖስታ ቴምብር አወጣ። የመርከቦቹ መነሣት፥ ወደ ካሊኩት መድረሳቸው፥ መልአኩ ገብርኤል፥ አለቃው ቫስኮም ተሥለውበታል። በግሪኮች ተረት የታሪክ ጠባቂ የምትባለው ሴት እንኳ ስፍራ አግኝታለች። አይሁዳዊው ሊቅ አብርሃም ዛኩቶ ግን የለም።

ከምድር ወገብ በስተደቡብ የሰሜን ኮከብ ይሰወራልና መርከበኛ ስፍራውን የሚያውቀው በፀሐይ ነው። በቀትር ከፍታዋን በአስትሮላብ ይለካል፤ ነገር ግን ልኩ ብቻውን ዲዳ ነው። ፀሐይ በዚያ ዕለት ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደ ራቀች የሚነግረው ሰንጠረዥ ያሻዋል። ዛኩቶ በሰላማንካ ሳለ ይህን ሐሳብ በዕብራይስጥ አዘጋጀ፤ አይሁዳዊው ሐኪም ዮሴፍ ቪዚኞ ተረጐመው፤ በ1496 በሌይሪያ ታተመ። የፖርቱጋል መርከበኞች ሰንጠረዥ ከዚህ የተቀዳ ነው። ባሕር ያለ ሐሳብ አይሻገሩትምና።

ዛኩቶ በ1492 አይሁድ ከእስፓንያ ሲባረሩ ወደ ፖርቱጋል የተሰደደ ሰው ነበር። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት መጨረሻ ንጉሥ ማኑኤል አይሁድ ከአገሩ ይውጡ ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ በሚከተለውም ዓመት ብዙዎቹን በግድ አስጠመቀ። በዚያው በ1497 ሐምሌ መርከቦቹ ከሊዝቦን ተነሡ፤ ሊቁ ግን ወደ ቱኒስ ተሰደደ። (የቫስኮ ልጅ ክሪስቶቮ በ1541 ከህንድ ተነሥቶ ለኢትዮጵያ ረድኤት የመጣው ይህ የባሕር መንገድ ከተከፈተ በኋላ ነው።)

ከዚያ ቴምብር የቀረው ስም በጨረቃ ላይ ይገኛል፤ የከዋክብት መርማሪዎች አንዱን የጨረቃ ጐድጓዳ ዛጉት ብለው ሰይመውታል።